ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብና ሐተታው

ዘርዓ ያዕቆብ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. ወደ ነገሡት ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነው። እኛ በዘንድሮው መጽሔታችን ለተከበራችሁ የዕድራችን አባላት የምናቀርበው ግን ሌላውን ዘርዓ ያዕቆብ ነው። ይኸኛው የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ ኋላም መጽሐፍ እየገለበጠ እንጀራውን የበላ ሰው ነው። ዕድሜያችንን በጽሕፈት ሥራ ለጨረስን ለእኛ ከንጉሡ ይልቅ እሱ ይቀርበናል።

አገሩ አክሱምና እንፍራዝ በመሆኑ ከሶዶ ሩቅ ነው። ያስጨነቀው ጥያቄ ግን ሩቅ አይደለም። አንድ ነገር እውነት መሆኑ በምን ይታወቃል? በዕድር ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ስለ መዋጮ ወይም ስለ ድንኳን ኪራይ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ሐሳቡ ሳይታይ ሰውዬው መቼ አባል እንደ ሆነና የማን ወገን እንደ ሆነ ሲመረመር አይተናል። ድሮም እንዲህ ነበር ተብሎ ነገሩ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። ዘርዓ ያዕቆብ የታገለው ከዚሁ ጋር ነው።

የሕይወቱ ታሪክ የሚገኘው በግዕዝ ከተጻፈው ሐተታ ከተባለው መጽሐፍ ነው። በዚያ እንደተነገረው ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም. በአክሱም አገር ተወለደ። አባቱ ድሃ ቢሆንም ልጁን ተማሪ ቤት ሰደደው። ዜማ ሞከረ፤ ድምፁ ሻካራ ስለ ነበር አልሆነለትም። ወደ ሰዋስውና ቅኔ ዞረና አራት ዓመት ተማረ፤ ከዚያ በኋላ የመጻሕፍት ትርጓሜ ለመማር አሥር ዓመት ቆየ። ቅኔ የተማረ ሰው ሰምና ወርቅ መለየት ይለምዳል፤ አንድን ቃል በሁለት ወገን ማየት ለኋላው ሥራው ሳይጠቅመው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

ከዚያም በአክሱም ማስተማር ጀመረ። ጊዜው ክፉ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ በሁለት ተከፍሏል። ዘርዓ ያዕቆብ መጽሐፍ ሲተረጉም ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ፣ የግብጽ ወገኖች ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ያቀርብ ነበር እንጂ አንዱን ብቻ አላጸናም። ይህን ያደረገ ሰው ታዲያ ምን ያገኛል? ፈረንጆቹ የግብጽ ወገን ነው አሉት፣ የግብጹ ወገን ደግሞ የፈረንጅ ነው አለው። በመጨረሻም ወልደ ዮሐንስ የሚባል ጠላቱ ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ብሎ ከሰሰው። በሌሊት ሦስት ወቄት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ጠፋ።

በተከዜ በኩል አድርጎ ወደ ሸዋ አቅጣጫ ሲሄድ በገደል ሥር ዋሻ አገኘ፤ እዚያም ሁለት ዓመት ተቀመጠ። የፍልስፍናው መነሻ ይህ ዋሻ ነው። የሚከራከረው ሰው ስለሌለ ከራሱ ጋር ተከራከረ። የምጸልይለትስ የሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ጀመረ። እኔን ማን ፈጠረኝ? ወላጆቼ እንዳይባል እነሱም ወላጆች አሏቸው፤ እነዚያም እንዲሁ። ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጀመሪያዎቹ ከየት መጡ? እንግዲህ ሌላ ያልፈጠረው አንድ ፈጣሪ መኖር አለበት አለ። ልብ በሉ፤ አባቶች ስላሉት ነው አላለም፣ ደረጃ በደረጃ ወጣበት እንጂ። መሰላሉ የቱ ላይ ይሰበራል የሚል ሰው ቢኖር እንኳ የቱን እርከን መምታት እንዳለበት ያውቃል።

ሁለተኛው ጥያቄው ከዚህ ይከብዳል። እያንዳንዱ ሰው የኔ ሃይማኖት ትክክል ነው፣ የሌላው ሐሰት ነው ይላል። ፈራጁ ማን ይሁን? ሁሉም ከሳሽና ተከሳሽ ስለሆነ ከመካከላቸው ዳኛ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ የሰጠው ልቡና ይመርምር አለ። ሰዎች ሐሰትን የሚያምኑት መመርመር ድካም ስለሆነና ከአባቶቻቸው የሰሙትን ዝም ብለው ስለሚቀበሉ ነው ባይ ነው። በዚሁ ሚዛን ምንኩስናንም ጾምንም መዝኖ ነቅፏል፤ በዚህ ብዙ አማኝ አይስማማውም። ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትና መሸጥንም ሰዎች ሁሉ እኩል ስለ ተፈጠሩ ትክክል አይደለም ብሏል። ወላይታ በ1887 ዓ.ም. በጦርነት ስትያዝ ስንት ሰው ተማርኮ እንደ ተወሰደ ከአያቶቻችን የሰማን ሰዎች ይህን ቦታ በቀላሉ አናልፈውም።

ሱስንዮስ ሞተው ፋሲለደስ ሲነግሡ ከዋሻው ወጣ። ዞሮ ዞሮ እንፍራዝ ደረሰና ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ አስጠጋው። ዳዊት እየገለበጠ ይሸጥ ነበር፤ የሀብቱንም ልጆች ያስተምር ነበር። ኂሩት የምትባል የቤቱን አገልጋይ ሲያገባ አገልጋዬ ሳትሆን ሚስቴ ናት፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ነው። መልከ መልካም እንዳልነበረች፣ ግን ደግ፣ አስተዋይና ታጋሽ እንደ ነበረች ራሱ ጽፏል። ወንድ ልጅ ወልደው የልጅ ልጅ አይተዋል።

ሐሳቡን ለሰው አይገልጥም ነበር፤ በውጭ እንደ ጎረቤቶቹ ሆኖ ኖረ። ለዚህ የሚወቅሱት አሉ። እኛ ግን አንድ ጊዜ በክስ ከአገሩ የተሰደደ ሰው ጎጆውን ቢጠብቅ አይፈረድበትም እንላለን። የሀብቱ ልጅ ወልደ ሕይወት አጥብቆ ስለ ለመነው በ68 ዓመቱ ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ 25 ዓመት ኖሮ በ93 ዓመቱ ሞተ። ተማሪውም የራሱን ሐተታ ጨመረበት።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። መጽሐፉ የታወቀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ኢጣሊያዊ ሚሲዮናዊ ከበጌምድር ለፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በላከለት ጊዜ ነው። በ1920 እ.ኤ.አ. ኮንቲ ሮሲኒ የደረሰው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው ብሎ ተነሣ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ጻፉ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም።

እዚህ ላይ በሁለቱም ወገን ደካማ ማስረጃ እናያለን። ሚሲዮናዊው ሲወለድ ስሙ ያኮፖ፣ ማለት ያዕቆብ ስለ ነበር መጽሐፉ የሱ ነው ይባላል፤ ያዕቆብ የሚባል ሰው ስንት ነው! አገራችንን ስለሚያኮራ የኛ መሆን አለበት ማለትም ያው ነው፤ ደስ ማለቱ ማስረጃ አይሆንም። ሐበሻ እንዲህ ሊያስብ አይችልም የሚለው ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ገና የሚጠየቀውን ነገር እንደ ተረጋገጠ ቆጥሮ ይነሣልና። ጠንካራው ጥያቄ የመዝገብ ቤት ጥያቄ ነው። በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያሉት ሁለቱ ቅጂዎች ሁለቱም በዚያው ሚሲዮናዊ እጅ ያለፉ ናቸው። በቢሮ ሥራ ከአንድ ላኪ የመጣ ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ቢደርስ እንደ ሁለት ምስክር አይቆጠርም። ከሱ በፊት የተገለበጠ ሌላ ቅጂ ከጎንደር ወይም ከእንፍራዝ ዕቃ ቤት ቢወጣ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ እስካሁን ግን አልወጣም።