ቶማስ ኤዲሰን እና የፎኖግራፍ ታሪክ

ሙዚቃን ከአዳራሽ ወደ መኖሪያ ቤት ያስገባውን መሣሪያ የፈለሰፈው ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የደከመ ነበር። ቶማስ አልቫ ኤዲሰን በ1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ማይላን በተባለች ከተማ ተወለደ (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ የቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረ ሲሆን፣ በስሙ ካስመዘገባቸው 1 ሺህ 93 የአሜሪካ የፈጠራ መብቶች መካከል አብልጦ የሚወደው ፎኖግራፍን እንደነበር ይነገርለታል።

ፎኖግራፍ የተሠራው በ1877 መጨረሻ በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ሜንሎ ፓርክ ነው። ባለሙያው ጆን ክሩሲ በኤዲሰን ንድፍ መሠረት ባዘጋጀው ተሽከርካሪ ሲሊንደር ላይ ስስ የቆርቆሮ ወረቀት ተጠቀለለ፤ ኤዲሰን የልጆች ግጥም ተናገረበት፤ መሣሪያውም ድምፁን መልሶ አሰማ። በቀጣዩ ዓመት የመሣሪያውን ጥቅሞች ሲዘረዝር በአንደኛ ተራ ያሰፈረው የደብዳቤ ጽሕፈትን ነበር፤ ሙዚቃ የተጠቀሰው በአራተኛ ተራ ነው። የቢሮ ኃላፊዎች ቃላቸውን እንዲሰጡበት የታሰበው ፎኖግራፍ ግን በ1889 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሳንቲም ሲገባበት ሙዚቃ የሚያሰማ መዝናኛ ሆኖ ተገኘ። ሥራ ያቀላጥፋል ተብሎ የመጣ ዕቃ ለጨዋታ ሲውል ይህ የመጨረሻው አልነበረም።

መሣሪያው ለኢትዮጵያ ቤተ መንግሥትም እንግዳ አልሆነም። በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የላኩት መልእክት በራሳቸው ድምፅ በሲሊንደር የተቀረጸ ሲሆን፣ ከተደመጠ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ታዞ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱም መልሳቸውን በድምፅ አስቀርጸው ልከዋል።

ኤዲሰን ከሁሉ አብልጦ የሚጨነቀው ለድምፅ ጥራት ነበር። ጆሮው ስለማያደርስለት የፎኖግራፉን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ንዝረቱን በአጥንቱ ያዳምጥ ነበር። ተፎካካሪዎቹ ወደ ጠፍጣፋ ሸክላ ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1912፣ እርሱም ዳይመንድ ዲስክ የተባለውን ሸክላ ለገበያ አቀረበ። ሸክላው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ ውፍረት ነበረው፤ መርፌውም አልማዝ በመሆኑ እንደ ሌሎቹ የብረት መርፌ በየጊዜው መለወጥ አላስፈለገውም። ይሁን እንጂ የኤዲሰን መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች፣ የቪክተር ኩባንያው ደግሞ ወደ ጎን የሚንቀሳቀስ ስለነበር የአንዱ ሸክላ በሌላው ማጫወቻ ላይ አይሠራም ነበር። ገዢው ዘፋኙን ከመምረጡ በፊት ኩባንያውን መምረጥ ግድ ሆነበት።

ከ1915 ጀምሮ ኩባንያው በየከተማው ለሕዝብ የድምፅ ማወዳደሪያ ትርኢት ያቀርብ ነበር። መብራት በጠፋበት አዳራሽ ዘፋኟ ስታቆም ሸክላው ይቀጥላል፤ ከታዳሚው ብዙው ልዩነቱን ሳይለይ ይቀራል። ከዘፋኞቹ አንዷ የነበረችው አና ኬዝ ከረጅም ዓመታት በኋላ እንደገለጸችው፣ በትርኢቱ ላይ ድምፅዋን ከማሽኑ ድምፅ ጋር አመሳስላ ትዘፍን ነበር። ማሽኑ ሰውን መሰለ ሲባል ሰውዬዋም ማሽኑን መስላ ነበር ማለት ነው።

የኤዲሰን ትልቁ ችግር ግን ከማሽኑ አልነበረም። የሚቀረጸውን ሙዚቃ የሚመርጠው ራሱ ሲሆን፣ የሚርገበገብ ድምፅ ጨርሶ አይወድም፤ ለታዋቂ ዘፋኞች ከፍተኛ ገንዘብ መክፈልንም ይቃወም ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ላይ የዘፋኙ ስም እንኳ አልሰፈረም። ቪክተር በበኩሉ በኤንሪኮ ካሩሶ ስም ገበያውን ሞላ። ታላቁ ፒያኒስት ሰርጌይ ራክማኒኖፍ በ1919 ለኤዲሰን ከተቀረጸ በኋላ በ1920 ወደ ቪክተር አለፈ። ያን ያህል የተጠራ ድምፅ ያወጣ ማጫወቻ ሰው ሊሰማው የሚፈልገውን ሙዚቃ ማቅረብ ሳይችል ቀረ።

ሬዲዮ ሲስፋፋና ተፎካካሪዎቹ በ1925 ወደ ኤሌክትሪክ ቀረጻ ሲሸጋገሩ የኤዲሰን ኩባንያ የተከተላቸው በ1927 ነበር። በጥቅምት 1929 ኩባንያው ከሸክላ ንግድ ወጣ። እስከዚያው ድረስ ግን አሮጌ ማጫወቻ የያዙ ደንበኞች እንዳይቸገሩ፣ ሌሎቹ ከተዉት ብዙ ዓመት የሆነውን ሲሊንደር ማምረቱን አላቋረጠም። ኤዲሰን በ1931 በዌስት ኦሬንጅ፣ ኒው ጀርሲ፣ በ84 ዓመቱ አረፈ።