ሊስል መጥቶ መቅደላ የደረሰው ሰዓሊ

ጋፋት ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል ነው። መድፍ፣ እሳት፣ አፄ ቴዎድሮስ። በዛ ዘመን በንጉሡ ዙሪያ ከነበሩት ፈረንጆች አንዱ ግን ሙያው ብረት ማቅለጥ አልነበረም። ሰዓሊ ነበር። ስሙ ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል።

ዛንደር በ1813 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጀርመን አገር፣ አንሃልት በሚባል ግዛት ተወለደ። ኢትዮጵያ የመጣው በ1840ዎቹ መጨረሻ ነው። የአገሩ ልጅ፣ የዕፅዋት ተመራማሪው ሺምፐር፣ ቀድሞት ትግራይ ገብቶ ነበር።

ዛንደር የሰሜንና የትግራይ ገዢ ለነበሩት ለደጃዝማች ውቤ አደረ። ታዲያ በዛ ጊዜ መኳንንቱ ከፈረንጅ የሚፈልጉት ስዕል ብቻ አልነበረም። ግንባታም፣ የጦር ስራም ይፈልጉ ነበር። ሰዓሊው ቀስ በቀስ መሀንዲስም ሆነ።

በየካቲት 1855 ካሳ ኃይሉ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አደረጉ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ ባሰሩት በደረስጌ ማርያም፣ ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዛንደርም ጌታው ቢሸነፍም ሙያው አተረፈውና ለአዲሱ ንጉሥ አደረ።

ስለ አሳሳሉም እናንሳ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስዕል ቅዱሳን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ክፉዎች ደግሞ በጎን ተስለው አንድ ዓይን ብቻ ይኖራቸዋል። ቀለሙ ደማቅ ነው፣ ጥላ የለውም። ስዕሉ የሚነግረን ማን ቅዱስ፣ ማን ክፉ እንደሆነ ነው። ዛንደር የመጣበት የአውሮፓ ስዕል ግን ብርሃንና ጥላን ይለያል፤ የራቀውን ተራራ ያሳንሳል፣ ያደበዝዛል። እሱም አገሩንና ሰዉን ዓይኑ እንዳየው ለመሳል የሚሞክር ሰው ነበር። ፎቶ ገና ባልተለመደበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቴዎድሮስ ግን ከሁሉም በላይ የሚፈልጉት መድፍ ነበር። በ1867 ሴባስቶፖል ጋፋት ላይ ተሰራ። በዛው ዓመት ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፉን እየጎተቱ ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ፈረንጆቹንም ከነቤተሰባቸው ይዘዋቸው ሄዱ። ዛንደርም መቅደላ ላይ ከነበሩት አንዱ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1868 ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰዉ፤ እንግሊዞች ፈረንጆቹን ይዘው ወደ ባሕር ወረዱ። ዛንደር ግን አገሩ አልገባም። በዛው ዓመት ምፅዋ አካባቢ ሞተ።

ታሪኩ እዚህ አያልቅም። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ልጁ ካታሪና የጋፋቱን መድፍ ሰሪ ሞሪትስ ሆልን አግብታ ነበር። የእነሱ ልጅ ማግዳሌና፣ በመቅደላው ዓመት በ1868 የተወለደችው፣ ፕላቶን ኡስቲኖቭ የሚባል ሩሲያዊ ባላባት አገባች። የማግዳሌና ልጅ ዮና ደግሞ ያገባው ሩሲያዊቷን ሰዓሊ ናዲያ ቤኑዋን ነው። ሰዓሊነት በምራት በኩል ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው። የዮናና የናዲያ ልጅ ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው ተዋናይ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው።

እና በደብረ ታቦር በኩል ስታልፉ፣ ጓደኛችሁ ስለ መድፉ ሲያወራላችሁ፣ ስለ ሰዓሊውም ንገሩት።