ጆሴፍ ኮንራድና የጨለማው ምሳሌ

በካርቱም ከተማ መካከል፥ ከታላቁ መስጊድ አቅራቢያ፥ ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ይገኛል። በኤፕሪል 2023 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተነሣው ጦርነት ሳይጐዳው በፊት፥ በዚያ ሰፈር ከወርቁና ከጨርቁ ሱቆች ባሻገር አሮጌ መጻሕፍት በመንገድ ዳር ተዘርግተው ይሸጡ ነበር። ከእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች አንዱ፥ «የጨለማ ልብ» የሚባለው የጆሴፍ ኮንራድ ድርሰት፥ ለካርቱም አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ጄኔራል ጎርዶን በጃኑዋሪ 1884 የቤልጅግን ንጉሥ ሌኦፖልድን ለማገልገል ወደ ኮንጎ ሊሄድ ቃል ከገባ በኋላ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ካርቱም ላከው፤ ከአንድ ዓመት በኋላም በዚያው ተገደለ። ጎርዶን ሳይደርስበት በቀረው በኮንጎ ወንዝ ላይ በ1890 አንድ ስሙ ያልታወቀ መርከበኛ ደረሰ።

ይህ ሰው ዲሴምበር 3 ቀን 1857 በበርዲቺቭ ከተማ ከፖላንድ መኳንንት ወገን ተወለደ። ከተማይቱ ዛሬ በዩክሬን ትገኛለች፤ ያን ጊዜ ግን በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነበረች። አባቱ አፖሎ ኮዜኒዮቭስኪ ባለቅኔና ተርጓሚ ነበረ። ስለ አገሩ ነፃነት በመድከሙ ታስሮ፥ በ1862 ከሚስቱና ከሕፃኑ ጋር ወደ ቮሎግዳ ተጋዘ። እናቲቱ በ1865፥ አባትየው በ1869 ስለ ሞቱ፥ ልጁ በአሥራ አንድ ዓመቱ የሙት ልጅ ሆኖ በእናቱ ወንድም እጅ አደገ። እንግዲህ «የጨለማ ልብ»ን የጻፈው ሰው፥ በባዕድ መንግሥት መገዛት ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ አልነበረም። መጽሐፉን የምናስተምር ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

በ1874 ወደ ማርሴይ ሄዶ መርከበኛ ሆነ፤ በ1878 ወደ እንግሊዝ መርከብ ገባ፤ በ1886 የእንግሊዝን ዜግነትና የመርከብ አዛዥነትን ምስክር ወረቀት ተቀበለ። ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነበትን የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማር የጀመረው ሃያ ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

በኮንጎ የቆየው ከስድስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ሲሆን፥ ዕድሜውን ሁሉ የተከተለው ግን ይህ ነው። ከማታዲ እስከ ኪንሻሳ ከአንድ ወር በላይ በእግሩ ተጓዘ፤ በመንገዱም ላይ የሞቱ ሰዎችን ሬሳ አይቶ በማስታወሻው ጻፈ። ከዚያም በእንፋሎት ጀልባ እስከ ስታንሊ ፏፏቴ ወጣ። በመልሱ ክላይን የሚባል የንግድ ማኅበሩ ወኪል ታሞ በጀልባው ላይ ሞተ። ኮንራድም ጤናው ተናግቶ ወደ አውሮፓ ተመለሰ።

መጽሐፉን የጻፈው በ1898 መጨረሻና በ1899 መጀመሪያ፥ ኪችነር በኦምዱርማን ድል ካደረገ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በመጽሔት በ1899፥ በመጽሐፍ በ1902 ወጣ። በዚያው በ1902 በካርቱም የጎርዶን መታሰቢያ ኮሌጅ ተከፈተ።

ብዙ አንባቢ ጨለማው አፍሪቃ ነው ብሎ ያልፋል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው በቴምዝ ወንዝ ላይ፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ተራኪው ማርሎ፥ ሮማውያን በመጡበት ዘመን እንግሊዝም የጨለማ ስፍራ እንደ ነበረች ያስባል። የንግድ ማኅበሩ ያለባት የአውሮፓ ከተማ እንደ ተለሰነ መቃብር ነጭ ናት፤ ሰውን የሚያሳብደው የዝኆን ጥርስም ነጭ ነው። ኩርትዝ የሣላት ሴት ችቦ ይዛለች፤ ዓይኗ ግን በጨርቅ ታስሯል። በቅኔ ቤት ቋንቋ ብንናገር፥ ሰሙ የኮንጎ ዱር፥ ወርቁ የአውሮፓ ስስት ነው።

ሆኖም ሰሙ ራሱ ከየት መጣ? ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ በ1975 በማሳቹሴትስ ባደረገው ንግግር፥ ኮንራድ አፍሪቃን ለአንድ አውሮፓዊ መጥፋት መድረክ ብቻ እንዳደረጋት፥ ለሕዝቧም አንደበት እንደ ነፈጋቸው ገልጾ አጥብቆ ወቀሰው። ወርቁን መፈለግ የሚቻለው ለሠለጠነ አንባቢ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት የሆነው ተማሪ ግን መጀመሪያ የሚያገኘው የገዛ ፊቱን የጨለማ ምሳሌ ሆኖ ነው። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ ከክፍል መውጣት አይገባውም፤ ብቻውን መግባትም አይገባውም።

ጓደኛ የሚሆነውን የሰጠን በካርቱም የተማረውና ጥቂት ጊዜ በአስተማሪነት የሠራው ጣይብ ሳሌሕ ነው። በ1966 ባወጣው «ወደ ሰሜን የፍልሰት ወራት» በተባለው ልብ ወለድ ጉዞው ተገልብጧል፤ የካርቱም ልጅ ሙስጠፋ ሰዒድ ወደ ለንደን ይወጣል። ደራሲው የልደቱን ዓመት 1898 ያደረገው በከንቱ አይመስለኝም።

ኮንራድ ይህን ሁሉ ክርክር ሳይሰማ ሞተ። በ1924 የእንግሊዝ መንግሥት የሰጠውን የባላባትነት ማዕርግ አልቀበልም አለ፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 3 ቀን ዐረፈ፤ በካንተርበሪም ተቀበረ። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አባቱ ያወጣለት የፖላንድ ስም ፊደሉ ተሳስቶ ተቀርጾበታል።