ከቋራ እስከ መቅደላ፦ መንገድ ጠራጊው ንጉሠ ነገሥት

የዐፄ ቴዎድሮስ ስም ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ጦረኛነታቸው ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ግን ከእኛ ሙያ ጋር የሚገናኘውን የሕይወታቸውን ገጽ እንመለከታለን።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። ቋራ ዛሬ መቀመጫው ገንዳ ውሃ በሆነው በምዕራብ ጎንደር ዞን ውስጥ ይገኛል። በወጣትነታቸው በዚሁ ቆላ ሸፍተው ብዙ ተከታይ አፈሩ። በ1840 ዓ.ም. በሱዳን ጠረፍ ደባርቂ ላይ መድፍ ከያዘና በሥርዓት ከሠለጠነ የግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያና የሥርዓት ነገር ከሐሳባቸው አልወጣም።

በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ከነገሡ በኋላ፣ በደብረ ታቦር አጠገብ የሚገኘውን ጋፋትን የእጅ ሥራ መንደር አደረጉት። ለስብከት የመጡ አውሮፓውያን ባለ እጆች መድፍ እንዲሠሩ ታዘዙ፤ የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍም ኋላ ተሳካላቸው። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም በዚያ ፊደልና ሙያ ተማሩ። ደብረ ታቦርን ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከመቅደላ ጋር የሚያገናኙ መንገዶች ሥራም ተጀመረ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1860 ዓ.ም. ነው። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል የሆነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በመቶ በሚቆጠሩ ሰዎች እየተጎተተ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ። መንገዱ የሚጠረገው ከጉዞው ጋር ነበር። የጅዳና የበሽሎ ገደሎች እየተቈረጡ፣ ዐለቱ እየተፈነቀለ፣ ጉዞው አምስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ ሥራውን ይመሩ ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድና በግዳጅ ጉልበት ላይ የቆመ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሞቱ፤ አውሮፓውያኑ ባለ እጆች ከጦሩ ጋር ወጡ፤ የጋፋትም ሥራ በዚያው ቀረ። ሙያውን ተረክቦ ለተከታዩ ትውልድ የሚያስተላልፍ ማኅበር አልነበረም።

ለእኛ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የመተማና የቋራ ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። አንድ ሥራ ተቋራጭ ይህን በኪሣራ ተምሮ ዕውቀቱን ለብቻው ከያዘው፣ ተከታዩ ያንኑ ኪሣራ ይደግማል። ስለዚህ የአካባቢ የሥራ ተቋራጮች ማኅበር ተግባር በመዋጮና በስብሰባ ሊወሰን አይገባም። የአፈር ምርመራ ውጤትን ማሰባሰብ፣ ቀያሾችንና ፎርማኖችን ማሠልጠን፣ አቅም ያነሳቸው አባላት መሣሪያ በጋራ እንዲጠቀሙ ማድረግ ይጠበቅበታል። የቋራው ልጅ መንገድ መጥረግን አሳይተውናል፤ ሙያው ከአንድ ሰው ዕድሜ እንዲያልፍ ማድረግ ግን የማኅበራችን ድርሻ ነው።