ቶማስ ኩክ፤ የመንገደኛውን ሒሳብ አስቀድሞ ያሰላ ሰው

በዛሬው ጊዜ በታላላቅ የሽርሽር መርከቦች የሚሳፈር መንገደኛ ገና መርከቡ ከወደብ ሳይነሣ አንድ ነገር እንዲቈርጥ ይጠየቃል። ይኸውም በመርከቡ ውስጥ ለሚጠጣው መጠጥ፣ ለሚያሳጥበው ልብስና ለአስተናጋጆች ጉርሻ የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በክሬዲት ካርድ? ጥሬ ገንዘብ የመረጠ እንደ ሆነ አስቀድሞ መያዣ ያስቀምጣል፤ ካርድ የመረጠ እንደ ሆነ ካርዱን ያስመዘግባል። ከዚያ በኋላ በብዙዎቹ መርከቦች ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ገንዘብ የለም ማለት ይቻላል። የመኝታ ክፍሉን የሚከፍትበት ካርድ መጠጡንም ይገዛለታል፤ ሒሳቡም ቀን በቀን ተጠራቅሞ በጉዞው ፍጻሜ ይቀርብለታል።

ይህ አሠራር ባንድ ቀን የተገኘ አይደለም። መንገደኛ የገንዘብ ከረጢት ሳይሸከም ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር ዘንድ ከደከሙት ሰዎች መካከል ስሙ በግንባር ቀደምትነት የሚነሣው እንግሊዛዊው ቶማስ ኩክ ነው። የዚህም ሰው ሕይወት ስለ መንገድ ብቻ ሳይሆን ስለ ገንዘብና ስለ መታመን ብዙ የሚያስተምር ስለ ሆነ ባጭሩ እንተርከዋለን። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቶማስ ኩክ በኖቬምበር 22 ቀን 1808 ዓ. ም. በደርቢሺር ግዛት፣ ሜልቦርን በምትባል ትንሽ ስፍራ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነበር። ዐሥር ዓመት ሲሆነው ትምህርቱን አቋርጦ ለአንድ አትክልተኛ ተቀጠረ፤ የቀን ደመወዙም አንዲት ፔኒ ነበረች። አንድ ፓውንድ በዚያን ዘመን 240 ፔኒ ነበረና ልጁ አንድ ፓውንድ ለማግኘት ስንት ቀን ይሠራ እንደ ነበረ መገመት ቀላል ነው። በዐሥራ አራት ዓመቱ ከአጎቱ ዘንድ የእንጨት ሥራ ሙያ ሊማር ገባ።

ወጣት በሆነ ጊዜ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆኖ ከመንደር ወደ መንደር መዞር ጀመረ። በ1829 ዓ. ም. ብቻ ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ የሚበዛውን መንገድ የሄደው በእግሩ ነው። ኋላም የመጠጥን ጉዳት ተመልክቶ መጠጥን ከሚቃወሙ ማኅበርተኞች ጋራ ተባበረ። መንገደኞችን የማጓጓዝ አሳብ የመጣለትም ከዚህ የተነሣ ነው። በጁን ወር 1841 ዓ. ም. ከሚኖርበት ከማርኬት ሃርቦሮ ተነሥቶ ለማኅበሩ ስብሰባ ወደ ሌስተር ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ያኽል በእግሩ ሲሄድ፣ አዲሱን ምድር ባቡር ለዚህ ጉዳይ ማዋል እንደሚቻል አሰበ። በጁላይ 5 ቀንም አምስት መቶ ያኽል ሰዎች በነፍስ ወከፍ አንድ ሽልንግ ከፍለው ከሌስተር እስከ ላፍቦሮ በባቡር ደርሰው ተመለሱ። አገራችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደምትለው፣ ብዙዎች ሲተባበሩ ለድኻ የማይቻለው ዋጋ የሚቻል ሆነ።

ነገር ግን መንገዱ ሁሉ የቀና አልነበረም። በ1846 ዓ. ም. ሦስት መቶ አምሳ ያኽል ሰዎች ይዞ ወደ ስኮትላንድ ሄደ። መንገደኞቹ ገንዘባቸውን አስቀድመው ከፍለው ነበርና የተነገራቸውን ሁሉ ይጠባበቁ ነበር። ሆኖም ፕሬስተን ላይ ይቀርባል የተባለው ሻይ ሳይቀርብ ቀረ። ከፍሊትውድ ወደብ በመርከብ ሲሳፈሩም ክፍሎቹ ለሁሉም ስላልበቁ፣ ብዙዎች ብርድና ዝናብ እየመታቸው በመርከቡ ጣራ ላይ አደሩ። በዚያው ዓመት ኩክ ከሰረ። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን ትቶ ወደ ቀድሞው ሙያው በተመለሰ ነበር። እርሱ ግን አስቀድሞ ገንዘብ የተቀበለ ሰው አስቀድሞ ዕዳ እንደ ገባ ከዚህ ትምህርት ያገኘ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ጉዞውን አስቀድሞ ራሱ ሄዶ መመርመር፣ ሆቴሉንና መርከቡን አስቀድሞ መዋዋል ዋና ሥራው ሆነ። በ1851 ዓ. ም. በለንደን ታላቁ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ጊዜ ልጁን ጆን ሜሰንን ረዳት አድርጎ 150,000 ያኽል ሕዝብ ወደ ከተማው አጓጓዘ።

ጉዞው ከእንግሊዝ አገር ወጥቶ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ስዊስና ወደ ኢጣሊያ ሲዘረጋ ሌላ ችግር ተነሣ፤ ይኸውም የገንዘብ ነገር ነው። በዚያን ዘመን ድንበር በተሻገሩ ቊጥር ገንዘቡ ይለወጣል፤ መንዛሪውም ከእንግዳው ላይ የቻለውን ያኽል ይቈርጣል። በአገራችንም ይህ ሸክም የታወቀ ነበር። የማርያ ትሬዛ ብር አንዱ 28 ግራም ያኽል ይመዝናልና አንድ ሺሕ ብር የያዘ ነጋዴ ወደ 28 ኪሎ የሚደርስ ብረት በበቅሎ ጭኖ፣ ዘብ ቀጥሮ ይሄድ ነበር።

ኩክ ለዚህ ያመጣው መፍትሔ ሁለት ነው። የመጀመሪያው በ1868 ዓ. ም. የተጀመረው የሆቴል ኩፖን ነው። መንገደኛው በለንደን የኩክ ቢሮ ከፍሎ የኩፖን ደብተር ይቀበላል፤ አንዱ ቅጠል ለመኝታ፣ አንዱ ለቁርስ፣ አንዱ ለእራት ነው። በውጭ አገር ከሆቴሉ ሲደርስ ገንዘብ በመቊጠር ፈንታ ቅጠሉን ቀድዶ ይሰጣል፤ ባለሆቴሉም ቅጠሎቹን ሰብስቦ ለኩክ ይልክና ዋጋውን ይቀበላል። ሁለተኛው በ1874 ዓ. ም. በኒው ዮርክ የወጣው ተዘዋዋሪ የገንዘብ ወረቀት ነው። ይህም በታወቁ ሆቴሎችና ባንኮች እየተፈረመበት በአገሩ ገንዘብ የሚመነዘር ነበር። የዚህ ዓይነት ወረቀት ከኩክ በፊትም ለባለጠጎች ይሰጥ ነበር፤ ኩክ ግን ለመካከለኛው ሰው አደረሰው። በ1891 ዓ. ም. አሜሪካን ኤክስፕረስ ያወጣው የመንገደኞች ቼክም የዚህ አሠራር የቅርብ ዘመድ ነው።

በውሃ ላይ ጉዞም ይኸው ሥርዐት ሠራ። ኩክ በ1869 ዓ. ም. ሁለት የእንፋሎት መርከቦች ተከራይቶ መንገደኞችን በዓባይ ላይ በግብጽ አዞረ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ልጁ ከግብጽ መንግሥት ጋራ ተዋውሎ የዓባይን የመንገደኞች መርከብ ሥራ ያዘ። መንገደኛው ካይሮ ላይ ሲሳፈር የመርከቡ፣ የምግቡ፣ የመሪውና ፍርስራሹን ለማየት የሚቀመጥበት አህያ ኪራይ ሳይቀር አብሮ ታስቦ ተከፍሎ ነበር። በ1872 ዓ. ም. ኩክ ራሱ ጥቂት ሰዎችን መርቶ ዓለምን ሊዞር ተነሣ፤ ጉዞው 222 ቀን ፈጀ፤ ዋጋውም ለአንድ ሰው 200 ጊኒ ነበር።

በስተርጅናው ግን ደስታው ጐደለ። አባት ንግድንና የሃይማኖት ሥራን አቀላቅሎ የሚሠራ፣ ለድኻ ሲራራ ትርፉን የሚረሳ ሰው ሲሆን፣ ልጅ እያንዳንዱን ፔኒ የሚቈጣጠር ብርቱ ነጋዴ ነበር። ሁለቱ ሳይስማሙ ቀርተው አባት በ1878 ዓ. ም. ከሥራው ወጣ። በ1880 ዓ. ም. አንዲት ሴት ልጁ ሞተች፤ በ1884 ዓ. ም. ሚስቱ ተከተለች፤ ዐይኑም ታወረ። ድርጅቱ በ1891 ዓ. ም. የአምሳኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር መሥራቹ በግብዣው ላይ አልተገኘም። በጁላይ 18 ቀን 1892 ዓ. ም. በተወለደ በ83 ዓመቱ በሌስተር ዐረፈ።

ስሙን የያዘው ድርጅት ከእርሱ በኋላ ብዙ ባለቤቶች እየተፈራረቁበት ቈይቶ በሴፕቴምበር 2019 ዓ. ም. በዕዳ ብዛት ፈረሰ። የመጀመሪያው ባቡር ከተነሣ 178 ዓመት ሆኖት ነበር። ከ150,000 የሚበልጡ እንግሊዛውያን መንገደኞች በባዕድ አገር ስለ ነበሩ ወደ አገራቸው የመለሳቸው መንግሥታቸው ነው። ከመንገደኞቹም አንዳንዶቹ አስቀድመው ለከፈሉት መኝታ ሆቴሉ ገንዘቡ አልደረሰኝም በማለቱ ሁለተኛ እንዲከፍሉ ተጠየቁ። የኩፖኑ ደብተር ዋጋ የነበረው ወረቀቱ ስላማረ ሳይሆን፣ ለንደን ላይ የተቀበለው ሰው ካይሮ ላይ እንደሚከፍል ስለ ታመነ ነበር።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወዳነሣነው መርከብ እንመለስ። የኩክ መንገደኛ የሚወጣውን ገንዘብ ልክ ከቤቱ ሳይወጣ ያውቅ ነበር። የዛሬው የመርከብ መንገደኛ ግን የጉዞውን ዋጋ ቢከፍልም፣ በመርከቡ ውስጥ የሚያወጣውን የሚያውቀው ካወጣው በኋላ ነው። ጥሬ ገንዘብ ያስያዘ ሰው መያዣው ሲያልቅ ይነገረዋልና ድንበር አለው፤ ነገር ግን በተጨማሪ ለማስያዝ መመላለስ ያሰለቸዋል። በካርድ የሚከፍል ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ ነገር ግን ገንዘቡ ከእጁ ሲወጣ ስለማያየው መውጣቱ አይሰማውም፤ የካርዱንም ዕዳ በቀኑ ካልከፈለ ወለድ ይጨመርበታል። ብልህ መንገደኛ የትኛውንም ቢመርጥ ሒሳቡን በየቀኑ ይጠይቃል፤ ስሕተት ቢያገኝም ከመርከቡ ሳይወርድ ያስተካክላል።

ይህ ነገር መርከብ ለሚሳፈር ብቻ የተነገረ አይደለም። የመጀመሪያ ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ሹምም በሰፈሩ ሱቅ የዱቤ መዝገብ ላይ ስሙን ሲያስጽፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ የወሩ መጨረሻ የመርከቡ የመጨረሻ ቀን ነውና። የሕዝብ ገንዘብ በእጁ የሚገባ ሹም ደግሞ የኩክን ሌላውን ትምህርት ሊያስብ ይገባዋል፤ ፕሬስተን ላይ ሻይ እየጠበቁ ስለ ቀሩት መንገደኞች። ገንዘቡን ቀድሞ የተቀበለ ሰው ሻዩን የማቅረብ ግዴታ አለበት።