ኤዳ ላቭሌስ

ኤዳ ላቭሌስ (ሙሉ ስሟ ኦገስታ ኤዳ ኪንግ፣ የላቭሌስ ካውንተስ፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1815 – ኖቬምበር 27 ቀን 1852) እንግሊዛዊት የሒሳብ ሊቅ ነበረች። ብዙዎች የመጀመሪያዋ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊ ይሏታል፤ ይህ ማዕረግ ግን ዛሬም ያከራክራል።

ሕይወት

የተወለደችው በለንደን ነው። አባቷ ገጣሚው ሎርድ ባይረን፣ እናቷ አናቤላ ሚልባንክ ናቸው። ወላጆቿ ገና የወር ሕፃን ሳለች ተለያዩ። አባቷ በ1816 እንግሊዝን ለቆ ሄደ፤ በ1824 በግሪክ አገር እስኪሞት ድረስም ልጁን ዳግም አላያትም። እናቷ የአባቷን ጠባይ እንዳትወርስ ብላ ከልጅነቷ ጀምሮ ሒሳብ አስጠናቻት።

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችን አይቀበሉም ነበር። ስለዚህ ኤዳ የተማረችው በቤት መምህራንና በደብዳቤ ነው። በ1833 የስሌት ማሽን ይሠራ ከነበረው ከቻርለስ ባቤጅ ጋር ተዋወቀች፤ በ1835 ዊልያም ኪንግን አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች። ከ1840 ጀምሮ ያስተማራት የሒሳብ ሊቁ ኦገስተስ ደ ሞርጋን ችሎታዋን እጅግ ያደንቅ ነበር። ሆኖም ይኸው ሰው ለእናቷ በጻፈው ደብዳቤ፣ እንዲህ ያለ ከባድ ጥናት ከሴት ልጅ የሰውነት አቅም በላይ ነው ሲል ስጋቱን ገልጿል።

በማሕፀን ካንሰር በ36 ዓመቷ አረፈች። በፈቃዷም በሃክናል ከተማ ከአባቷ አጠገብ ተቀበረች።

ማስታወሻዎቹ

በ1842 ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሜናብሬያ ስለ ባቤጅ አዲስ ማሽን (አናሊቲካል ኤንጅን) በፈረንሳይኛ ጻፈ። ኤዳ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ስትተረጉም ከጽሑፉ ሦስት እጥፍ ገደማ የሚረዝሙ ሰባት ማስታወሻዎች ጨመረችበት። በ1843 ሲታተም ከሥሩ የተጻፈው ኤ.ኤ.ኤል. የሚለው የስሟ ምሕጻር ብቻ ነበር። የመጨረሻው ማስታወሻ ማሽኑ የበርኑሊ ቁጥሮችን ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደሚያሰላ በሠንጠረዥ ያሳያል። ማሽኑ ራሱ ግን ተሠርቶ አላለቀም።

አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራው በሙሉ የባቤጅ ነው ይላሉ። እውነትም ባቤጅ ከዚያ በፊት ተመሳሳይ ንድፎች ነበሩት፤ የበርኑሊን አልጀብራም እሱ እንደሠራ ጽፏል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፉ፣ በስሌቱ የነበረውን ከባድ ስሕተት ያገኘችው ኤዳ መሆኗን መስክሯል። ከሠንጠረዡ ይልቅ የሚበልጠው ሐሳቧ ማሽኑ ከቁጥር ሌላ ምልክቶችን፣ ለምሳሌ ሙዚቃን፣ ሊያቀናብር ይችላል ማለቷ ነው።

ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር ያላት ግንኙነት

ኤዳ ማሽኑ ከራሱ ምንም እንደማያመነጭና የሚታዘዘውን ብቻ እንደሚሠራ ጽፋለች። አለን ቱሪንግ በ1950 ስለ አሳቢ ማሽኖች ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሐሳብ በስሟ ጠርቶ ተከራክሮታል፤ ማሽን መማርም ሰውን ማስደነቅም ይችላል ሲል።

ክርክሩ በጾታ አድልዎ ጥያቄ እንደገና ይነሣል። ቱርክኛ «እሱ»ንና «እሷ»ን በአንድ ቃል ይጠራል። ከሰዎች ጽሑፍ የተማሩ የትርጉም ፕሮግራሞች ግን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ሐኪምን ወንድ፣ ነርስን ሴት ሲያደርጉ ታይተዋል። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘ ማንም የለም፤ በዚህ ቱሪንግ ይረታል። የወጣው ግን ሰዎች ቀድሞ የጻፉት ነውና ኤዳም አልተረታችም።

መታሰቢያ

የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ያሠራው የፕሮግራም ቋንቋ «ኤዳ» ተብሏል። በ1980 የወጣለት የደረጃ ቁጥርም 1815፣ የተወለደችበት ዓመት ነው።