ሰውን ሳያዳላ የተመለከተ አሠልጣኝ፤ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ስትመላለስ ጎልማሶች ስለ ባሕር ማዶ የኳስ ቡድኖች ሲከራከሩ ሳትሰማ አትቀርም። ከራሳችን ከተማ ተነሥቶ ለአፍሪካ ጨዋታ ስለ ደከመው ሰው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ/ም መስከረም 1 ቀን በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ተሰማ እሸቴ በጀርመን አገር ዜማውን በሸክላ ያስቀረጸ ስመ ጥር ባለ ቅኔ ነበረ፤ ልጁ ግን ኳስን ወደደ። ይድነቃቸው የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ የፋሺስትም ሕግ ጥቁሩን ከነጩ ለየ። ይህን በልብህ ያዝ።

በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ብዙ ዘመን ከተጫወቱ በኋላ አሠልጣኝ ሆኑ። በ1949 ዓ/ም የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር በካርቱም ሲቋቋም ኢትዮጵያን ወክለው ተገኙ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ እንጂ ሁለቱን አቀላቅላ ለመላክ እንቢ ስላለች ከውድድሩ ተከለከለች፤ እርሳቸውም ከከለከሉት ወገን ነበሩ። ኢትዮጵያ ከእርስዋ ጋራ ልትጫወት ተመድባ ነበርና ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች። ትርፍ እንዳይመስልህ፤ ግብጽ 4 ለ0 አሸነፈቻት።

ያችው ግብጽ በ1954 ዓ/ም ጥር 13 ቀን በአዲስ አበባ ለፍጻሜ ቀረበች። ሁለት ጊዜ መራች፤ የአቶ ይድነቃቸው ልጆችም ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በጭማሪ ሰዓትም 4 ለ2 አሸነፉ። ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው አምበል ሉቻኖ ቫሳሎ ነበረ። እናቱ ኤርትራዊት፥ አባቱ ኢጣልያዊ ነው፤ ወንድሙ ኢታሎም በዚያ ቀን ጎል አግብቷል። እንግዲህ አስተውል፤ በወረራው ዘመን ያደገው አሠልጣኝ የአባትን በደል በልጅ ላይ አልቈጠረም። ለእኔ ይህ ከዋንጫው ይበልጥብኛል።

የደቡብ አፍሪካ ነገር ግን አላለቀም ነበር። የዓለም ማኅበር ካገዳት በኋላ በ1955 ዓ/ም እገዳውን አነሣላት፤ ኋላም መልሶ አገዳት። አቶ ይድነቃቸው በየጉባኤው እየተነሡ ያንኑ ነገር ተናገሩ። በአንድ ነገር መጽናት ሰሚን ያሰለቻል፤ ጴጥሮስ በአንጾኪያ ከአሕዛብ ማዕድ ባፈገፈገ ጊዜ ጳውሎስ በሁሉ ፊት ሲገሥጸው በቦታው የነበሩት ሁሉ ደስ ያላቸው አይመስለኝም። በ1964 ዓ/ም የአፍሪካ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1968 ዓ/ምም ደቡብ አፍሪካ ከዓለም ማኅበር ፈጽማ ተባረረች። ከካርቱም ጀምሮ 19 ዓመት መሆኑ ነው።

በ1979 ዓ/ም ነሐሴ 13 ቀን ዐረፉ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ አሰልፋ በጆሃንስበርግ የአፍሪካን ዋንጫ ያገኘችው በ1988 ዓ/ም ነው፤ በኔልሰን ማንዴላ ፊት ዋንጫውን ያነሣው አምበል ነጭ ነበረ፤ ጎሎቹን ያገባው ግን ነጭ አልነበረም።